ራይዘን 5 3600 ኦቨርክሎክ ካደረግኩት በኋላ ክሎኩ ጨመረ፣ ነጥቡ ግን ወረደ

ባለ_ዴስክቶፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ዴስክቶፔን ትንሽ ላፈጥነው (ኦቨርክሎክ ላደርገው) ብዬ ባዮሱን፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማዘርቦርድ ሴቲንግ፣ ነካክቼው ነበር፤ ያገኘሁት ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። ዕቃዎቹ፦ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ከካርቶኑ ጋር የመጣው ሬይዝ ስቴልዝ ኩለር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 3200 ሲኤል16 ራም (ሲኤል የራሙ የመዘግየት ቁጥር ነው)፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ዊንዶውስ 10። ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ክፍሉ ቀን ላይ 24 ዲግሪ ይሆናል።

የቀየርኩት፦ ፒቢኦን (ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ገደቡ እንዲያልፍ የሚፈቅደውን ሴቲንግ) አበራሁ፣ ማክስ ቡስት ኦቨርራይድ የሚለውን +200 ሜጋኸርዝ አደረግኩ፣ ሙቀቱ እንዳይበዛ ደግሞ የኮር ቮልቴጁን በኦፍሴት 0.1 ቮልት ቀነስኩ። አሁን ሲንቤንች አር20 (የፕሮሰሰር ፍጥነት ለክቶ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም) ሲሠራ ሁሉም ኮር 4.15 ጊጋኸርዝ ያሳያል፤ በፊት 3.95 ነበር። ሙቀቱም ከ84 ወደ 77 ወርዷል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነጥቡ ግን ከ3,540 ወደ 3,270 ወረደ። ጌም ላይም ለውጥ የለም፤ ሕዝብ የበዛበት ከተማ ውስጥ ስገባ እንደ ድሮው ይቆራረጣል።

ክሎክ ጨምሮ፣ ሙቀት ቀንሶ ነጥብ እንዴት ይወርዳል? የመብራቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይሆን? ስታቢላይዘር ልግዛ ወይ?


ቮልት_ቆጣሪ፦

ስታቢላይዘሩን ለዚህ ብለህ አትግዛ። የግድግዳውን መብራት ፓወር ሰፕላይህ ወደ 12 ቮልት ይቀይረዋል፤ ያንን ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቪአርኤም ወደ 1.3 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። ችግሩ መብራት ቢሆን ማሽኑ ድንገት ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል እንጂ በሠራ ቁጥር እኩል 8 በመቶ አይቀንስብህም።

ጥፋቱ ያ 0.1 ቮልት ነው። ዜን 2 (ኤኤምዲ 3600ን የሠራበት ዲዛይን) ውስጥ የቮልቴጅ መውረድን የሚከታተል ሰርኪዩት አለ። ኮሩ ለተጠየቀው ክሎክ የሚበቃ ቮልቴጅ ሲያጣ ክራሽ ከማድረግ ይልቅ የክሎኩን ምት ይለጥጠዋል። ክሎክ ስትሬቺንግ የሚባለው ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታየው 4.15 የተጠየቀው ክሎክ ነው፤ የተሠራው ሥራ ግን ከዚያ ያንሳል። ከራስህ ቁጥር ማስላት ትችላለህ፦ 3,540ን ለ3.95 ብታካፍል ለአንድ ጊጋኸርዝ 896 ነጥብ ይደርሰዋል። 3,270ን ለ896 ስታካፍል 3.65 ነው የሚመጣው። ፕሮሰሰርህ በ4.15 ሳይሆን በ3.65 እየሮጠ ነበር ማለት ነው። ሙቀቱም የወረደው ቮልቴጁም ሥራውም ስለቀነሰ ነው።

ለማረጋገጥ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን የሴንሰር ማንበቢያ ፕሮግራም በሴንሰር ብቻ ክፈተው፤ ሴቲንግ ውስጥ ስናፕሾት ሲፒዩ ፖሊንግ የሚለውን ምረጥ። ከዚያ ሲንቤንችን አስጀምረህ «ኮር ክሎክ» የሚለውን «ኢፌክቲቭ ክሎክ» ከሚለው ጋር አስተያይ። ሁሉም ኮር ሙሉ ሥራ ላይ እያለ ሁለቱ ሊቀራረቡ ይገባል፤ በመቶዎች ሜጋኸርዝ ከተራራቁ ተለጥጧል። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ ግን አታወዳድር። ያኔ ኮሮቹ ስለሚተኙ ኢፌክቲቩ እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ጤነኛ ነው።

መፍትሔው፦ ኦፍሴቱን ወደ ኦቶ መልስ፣ ሲንቤንችን ደግመህ አሂድ፣ ነጥቡን ጻፍ። ቮልቴጅ መቀነስ የግድ ከፈለግክ ማዘርቦርዱ በሚፈቅደው ትንሹ እርምጃ ውረድ (ብዙዎቹ ላይ 0.00625 ወይም 0.0125 ነው)፤ በየእርምጃው ነጥቡን እይ። ነጥቡ መውረድ ሲጀምር አንድ እርምጃ ተመለስ። ዳኛህ ነጥቡ ይሁን፤ ዜን 2 ላይ ሙቀትንና የሚታየውን ክሎክ ብቻ አይቶ ኦቨርክሎክ የሚፈርድ ሰው ሁሌ ይሸወዳል።


ሽሮሜዳ_ፒሲ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ፒቢኦው ልጨምር። +200 ማለት ጣሪያውን ወደ 4.4 ከፍ ማድረግ ነው፤ ፕሮሰሰሩ እዚያ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። 3600 ከፋብሪካ ሲወጣ በኃይል (ፒፒቲ) 88 ዋት፣ በቀጣይ ከረንት (ቲዲሲ) 60 አምፔር፣ በቅጽበታዊ ከረንት (ኢዲሲ) 90 አምፔር ተብሎ ተገድቧል። ፒቢኦ እነዚህን ገደቦች ነው የሚያላላው። ገደቡ ሲላላ ብዙ ዋት ይገባል፣ ብዙ ሙቀት ይመጣል፤ ዜን 2 ደግሞ 95 ዲግሪ ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቡስቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስቴልዝ መሐሉ ላይ መዳብ የሌለው ትንሽ አሉሚኒየም ስለሆነ በእሱ ላይ ፒቢኦ የሚያተርፍልህ ጩኸት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታችንን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ዙር የሚገፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ክብደቱ ሲያንስ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «በዚህ ኩለር 75 ዲግሪ» የሚሉህን እንዳለ አትውሰድ። ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም።

ኩለር ከመግዛትህ በፊት የኬዙን ጎን ከፍተህ ያንኑ ቴስት አሂድ። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ የጎደለህ የኬዝ አየር ነው፤ ከፊት አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን ይበቃሃል። ካልወረደ ኩለሩን አውርደህ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሐል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) ቀይር። ስታወርድ ተጠንቀቅ፦ ኤኤም4 (የዚህ ቦርድ ሶኬት) ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ፔስቱ ከደረቀ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎት ይመጣና ፒን ይታጠፋል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠርተህ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ አራቱን ብሎን ፍታ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞርክ አላቅቀው። ቀጥ ብለህ ወደ ላይ አትሳብ። አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ መሐል ላይ አድርግ፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ኩለሩ አንድ ወገን ብቻ ይጫናል።


ራም_ሰፈር፦

ሁለታችሁም የሲንቤንቹን መለሳችሁ፤ የጌሙ መቆራረጥ ግን ሌላ በሽታ ነው። ሲንቤንች ራምን ብዙም አይጠይቅም፤ ጌም ይጠይቃል።

ሲፒዩ-ዚን (የዕቃዎቹን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈትና ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ድራም ፍሪኩዌንሲን አንብብ። 1,600 አካባቢ ካለ ራምህ በ3200 እየሠራ ነው (ዲዲአር በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ እጥፍ ነው)። 1,066 ካለ ግን ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደው የባዮስ ሴቲንግ) አልበራም፤ ለ3200 ራም ገንዘብ ከፍለህ 2133 ላይ ነህ። ቻናል የሚለው ደግሞ ዱአል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሁለቱን ራም ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ ሰካ።

ራይዘን ላይ ይሄ ከኢንቴል የበለጠ የሚያሳምመው ኮሮቹን፣ ካሹንና የራም መቆጣጠሪያውን የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ ከራሙ ጋር አንድ ለአንድ ስለሚሄድ ነው። ራሙ 2133 ሲሆን ፋብሪኩ 1,066 ሜጋኸርዝ ነው፤ 3200 ሲሆን 1,600 ይሆናል። አንድ ለአንዱን ሳያፈርስ ኤኤምዲ ለዚህ ትውልድ የጠቀሰው ጣሪያ 3733 ነው፤ ብዙዎቹ 3600 ላይ ያለ ጣጣ ይቆማሉ። ከ3733 ካለፍክ ቦርዱ የራም መቆጣጠሪያውን በራሙ ክሎክ ግማሽ ያስኬደዋል፤ ራሙ ፈጠነ ብለህ ላተንሲው (መዘግየቱ) ይብስብሃል።

ሌላም ነገር፦ መቆራረጡ ሲመጣ የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱን) አጠቃቀም እይ። 97 ወይም 99 በመቶ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ሰማይ ብታደርሰውም ለውጥ አታይም፤ ግራፊክሱን ዝቅ አድርግ። 60 ወይም 70 ላይ ከወረደ ሲፒዩው ወይም ራሙ ነው የያዘው።

ሽሮሜዳ፣ ስለ ከፍታው ልክ ነህ። ግን 84 ዲግሪ በሲንቤንች ለስቴልዝ መጥፎ አይደለም። እኔ ብሆን ፔስቱን አልነካም።


ባለ_ዴስክቶፕ፦

አመሰግናለሁ። ኦፍሴቱን ኦቶ አደረግኩ፣ ፒቢኦንም አጠፋሁ፦ ነጥቡ 3,560፣ ኢፌክቲቩና ኮር ክሎኩ ተቀራርበዋል። ሲፒዩ-ዚ 1,066 ነበር የሚለው! ኤክስኤምፒ ሳበራ 1,600 ሆነ፤ መቆራረጡ በጣም ቀነሰ። ጂፒዩው እዚያ ከተማ ውስጥ 65 በመቶ ነበር፣ አሁን 85 ደርሷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ብሮውዘር ብቻ ተከፍቶ ሳለ ቮልቴጁ 1.45 ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ በእጄ 1.4 ሰጥቼ ሁሉንም ኮር 4.2 ላይ ባስረው ምን አለበት?


ቮልት_ቆጣሪ፦

አታድርገው። ያ 1.45 የሚታየው አንድ ሁለት ኮር ለቅጽበት ሲነቃ፣ የሚፈሰው ከረንት ትንሽ ሲሆን ነው። 6ቱም ኮሮች ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ራሱ ወደ 1.3 አካባቢና ከዚያ በታች ያወርደዋል። አንተ 1.4 ላይ ስታስረው ግን ያ ቮልቴጅ ከሙሉ ከረንትና ከሙሉ ሙቀት ጋር ይገናኛል። ሲሊከኑ በጊዜ ያረጃል፤ ዛሬ በ1.3 የሚቆመው 4.2 ከወራት በኋላ 1.35 ይጠይቅሃል። በኦቶ ያዩትን ቮልቴጅ በእጅ አስሮ ማስቀመጥ የዚህ ትውልድ ትልቁ ወጥመድ ነው።

መሞከር ከፈለግክ፦ ፒቢኦ ይጥፋ፣ ሬሾ 41 (4.1 ጊጋኸርዝ)፣ ኮር ቮልቴጅ 1.275፣ ኤልኤልሲ (ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ እንዳይወርድ የሚደግፈው ሴቲንግ) መካከለኛ ደረጃ ላይ። ከፍተኛውን ኤልኤልሲ አትምረጥ፤ ሥራው ድንገት ሲቆም ቮልቴጁን ካስቀመጥከው በላይ ያስዘልለዋል። ትክክለኛውን ቮልቴጅ የምታነበው ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ኤስቪአይ2 ቲኤፍኤን ከሚለው መስመር ነው፤ ቪአይዲ የሚለው ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። ከዚያ ኦሲሲቲን (የመረጋጋት መፈተኛ ፕሮግራም) 30 ደቂቃ አሂድ። ስህተት ካወጣ ቮልቴጁን 0.0125 ጨምር፤ በሥራ ላይ ከ1.325 አትለፍ። ከዚያ በፊት ሙቀቱ 90 ካለፈ ኩለርህ አልቻለም ማለት ነው፤ ሬሾውን ወደ 40.5 አውርድ።

ትርፉን ግን አስበው። 3.95 ወደ 4.1 ሲሄድ ሁሉም ኮር ሲሠራ 4 በመቶ የማይሞላ ታገኛለህ። በአንድ ኮር ደግሞ 4.2 ይደርስ የነበረው ቡስት ይጠፋና 4.1 ላይ ትታሰራለህ፤ ጌሙ የሚፈልገው ያንን ነበር። ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ የሚውል ማሽን ከሆነ ያስኬዳል፤ ለጌም ኪሳራ ነው።


ራም_ሰፈር፦

ጊዜህን እዚህ ላይ ብታጠፋው ይሻላል፦ ኤክስኤምፒው እንደበራ ይቆይ፣ ራሙን ወደ 3600፣ ኤፍሲኤልኬን (የፋብሪኩን ክሎክ) ወደ 1,800፣ ታይሚንጉን 18-22-22-42፣ የራሙን ቮልቴጅ 1.35፣ ሶሲ ቮልቴጁን (የራም መቆጣጠሪያው ያለበትን ክፍል) 1.1። በ3600 ሲኤል18 እና በ3200 ሲኤል16 የራሙ የራሱ መዘግየት እኩል 10 ናኖሰከንድ ነው፤ የምታተርፈው ከፋብሪኩ መፍጠንና ከባንድዊድዙ ነው። ቆሞ ከቆየ በኋላ ሲኤሉን ወደ 16 ለማውረድ ትሞክራለህ።

ካልነሳ አትደናገጥ፤ ቦርዱ ደጋግሞ ሞክሮ ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ጥቁር ስክሪን ላይ ከቀረ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ክሊር ሲሞስ (የባዮስ ሴቲንግ ማጥፊያ) የሚሉትን ሁለት ፒኖች በብሎን መፍቻ ጫፍ ለ10 ሰከንድ አገናኝ፣ ወይም ሲአር2032 ባትሪውን 5 ደቂቃ አውጥተህ መልስ። ከተነሳ በኋላ ቴስትሜም5ን (የራም መፈተኛ ፕሮግራም) ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳታሂድ አስፈላጊ ፋይል አትገልብጥ፤ ያልተረጋጋ ራም ዊንዶውሱን በጸጥታ ነው የሚያበላሸው። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ደብሊውኤችኢኤ-ሎገር የሚል የሃርድዌር ስህተት ካየህ ፋብሪኩን ወደ 1,733፣ ራሙን ወደ 3466 አውርድ።

ባዮስ አፕዴት የምታደርግ ከሆነ ሁሉንም ሴቲንግ ያጠፋዋል፤ ገጾቹን አስቀድመህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። አፕዴቱንም ያለ ዩፒኤስ አትጀምር፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።