አከራዬ ሳሎን ቲቪ ላይ የኔ ፎቶዎች እየታዩ ነው! ቶሎ የሚረዳኝ?

የአቶቴዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ አቶቴ ተከራይ ነኝ። አሁን ኪራይ ልሰጥ ዋናው ቤት ስገባ ቲቪው ላይ የእህቴ የመልስ ፎቶ ተደቅኗል። ቀጥሎ እኔ ሹሩባ ስሠራ። ከዚያ የመታወቂያዬ ፎቶ! ሪሞት የነካ የለም፣ በራሱ ይቀያየራል። ዋይፋዩን የግቢው ተከራዮች ተካፍለን ነው የምንከፍለው። የአከራዬ ልጅ ኮምፒውተር ይማራል፣ እሱ ሀክ አድርጎኝ ነው። ማታ እንግዳ አለባቸው። በናታችሁ ቶሎ!

ታቦር ሥር፦ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩት። አለቀ።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ፎቶ አልበም ውስጥ፣ አልበሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እንግዳ የሚያየው ባለቤቱ አውጥቶ ሲያሳየው ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ይጠራቀማል። መታወቂያ ለባንክ ወይ ለሲም ብላችሁ ካነሳችሁ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አጥፉት። ይህን ስንት ጊዜ እንመክራለን?

የአቶቴዋ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን አሁን ምን ላድርግ? ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር አከራዬ መኝታ ቤት ነው ያለው።

ሽቦ፦ መጀመሪያ ልጁን አትክሰሺ። ዋይፋይ ስለተጋራችሁ ብቻ ጋለሪሽ ለሰው አይከፈትም። ጉግል ፎቶስም ሆነ ቴሌግራም ፎቶ የሚልኩት ተመስጥሮ ነው፤ እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ቢጠልፈው እንኳ ፎቶ ሆኖ አይታየውም። ወይ ስልክሽ ላይ ሚዲያ ሼሪንግ ተከፍቶ ለቲቪው እያጋራ ነው፣ ወይ ጂሜይልሽ ቲቪው ውስጥ ገብቶ፣ በዚያው ጂሜይል ጉግል ፎቶስ ላይ የተቀመጠውን ፎቶ ከኢንተርኔት እያመጣ ነው። ለመለየት ስልክሽን ጨርሶ አጥፊና ቲቪውን እዪ። ፎቶዎቹ መቀያየር ካላቆሙ የሚመጡት ከስልክሽ አይደለም። ስልኩ ምንድን ነው? ቲቪውስ? እዚያ ቲቪ ላይ ዩቲዩብ ከፍተሽ ታውቂያለሽ?

ታቦር ሥር፦ እኔ አሁንም ፓስወርዱን ቀይሩ ነው የምለው። ጎረቤቴ ጋ ሠርቷል።

ሽቦ፦ ጂሜይሏ ቲቪው ውስጥ ካለ እኮ ባለቤቶቹ አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድ ያስገቡለትና ፎቶው ይመለሳል።

ፍቅር ሐይቅ፦ መልሱ ላይ ያልተጠራን ሁሉ ልንታደም ነው በያ 😄 አይዞሽ እህቴ፣ እኛም ቤት ደርሷል። ጂሜይሌን የከፈተልኝ ስልክ የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው። ያንኑ ጂሜይል ወንድሜ ስልኩ ላይ አስገባው፣ ከዚያ ቲቪው ላይ። የሁላችንም ፎቶ ተደበላለቀ። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ አካውንት የሚለው ጋ ኢሜይልሽን ካየሽ ሪሙቭ በይው። ስክሪን ሴቨሩም (ቲቪው ሳይነካ ሲቆይ የሚያሳየው) ጉግል ፎቶስ ተደርጎ ይሆናል፣ ሌላ ምረጪ።

የአቶቴዋ፦ ስልኬን አጥፍቼ አየሁ፣ አሁንም ይቀያየራል! ለካ ለፋሲካ መዝሙር ስንከፍት ልጆቹ ኢሜይል ጠይቀውኝ በኔ ነበር የተከፈተው። ግን ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል፣ ሪሞት ስጡኝ ማለት ከበደኝ።

ሽቦ፦ ሪሞት አያስፈልግሽም። ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቺ። ከዚያ ማኔጅ ዩር አካውንት፣ ሴኩሪቲ፣ ዩር ዲቫይስስ። ቲቪው እዚያ ተዘርዝሯል። ነክተሽው ሳይን አውት በይ። ቀጥሎ የጂሜይሉን ፓስወርድ ቀይሪ። ቲቪው እምቢ ካለ ከሶኬት ተነቅሎ ይሰካ።

መናኸሪያ ሰፈር፦ ላፕቶፕ ያላችሁም ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ የጋራ ዋይፋይን ፐብሊክ አድርጉት። ፕራይቬት ሆኖ ፎልደር ሼር ካደረጋችሁ ጎረቤት ላፕቶፑ ላይ ኔትወርክ የሚለውን ሲከፍት ሊያየው ይችላል። ብዙ ራውተር ላይ ደግሞ ገስት ዋይፋይ (ከቤቱ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ) አለ፣ አከራዮች ለተከራይ እሱን ቢከፍቱ ጥሩ ነው።

ሽቦ፦ የአቶቴዋ፣ ቲቪውን ዝርዝሩ ላይ አገኘሽው? የማታውቂው ሌላ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ካለም አውጪው።

ፍቅር ሐይቅ፦ እኔ ዝርዝሬ ላይ አምና የሸጥኩት ስልክ አለ። እሱንም ላውጣ?

ሽቦ፦ አሁኑኑ!