የስልክ ሐኪም ሲሳሳት ማንን እንክሰስ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከቤቴ ነው የመጣው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ "እዚህ ጋ ያቃጥለኛል" አለችኝ። እጇን ከደረቷ ሥር፣ ከእምብርቷ በላይ አድርጋ። ውጭ ዶፍ ነው። ሐኪም በስልክ የሚያገናኝ አፕ ነበረኝ። ከፈልኩ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሐኪሙ በቪዲዮ መጣ። ምስሉ ሁለቴ ተቆረጠ። "ካሜራውን ዝጋውና በድምፅ እናውራ" አለኝ፤ ዘጋሁት። "ጨጓራ አለባቸው?" አዎ፣ ድሮም አለባት። "ያስመልሳቸዋል?" ትንሽ። በቃ። ስለ ስኳሯ አልጠየቀም፤ እኔም አላነሣሁም። ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት አዘዘና ማዘዣውን በመልእክት ላከልኝ። ጃንጥላ ይዤ ወርጄ ገዛሁ።

ሊነጋ ሲል የሌሊት ልብሷ በላብ ርሶ አገኘኋት። ሆስፒታል እንደገባን ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራ፣ አነሷት። ልቧ ነው። ተመስገን፣ ተረፈች። ለድርጅቱ ደውዬ አቤት ስል ግን "እኛ እናገናኛለን እንጂ አናክምም፤ ሲመዘገቡ በዚህ ተስማምተዋል" አሉኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። ተጠያቂው ማነው? ሐኪሙ? አፑ? ኔትወርኩ? ወይስ እኔ? ስድብ የለም። ሐኪምም ጠበቃም እዚህ አላችሁ፤ በናታችሁ ዝም አትበሉ።

የሜክሲኮ ሹፌር፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ሐኪሙ ነዋ! እኔ ሰው ገጭቼ "መንገዱ ጨለማ ነበር" ብል ማን ይሰማኛል? ከጨለመ ቀስ በል ነው የሚባለው።

የሠራተኛ ሰፈር እናት፦ ልጄ፣ እናትህን እንኳን ማረልህ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐኪሙ ያናገረው እሷን ነው ወይስ አንተን? ስታወራ የነበርከው አንተ ነህ እኮ። እኛን እናቶችን ለምን ስልኩን አትሰጡንም? እሷ ብታወራ "ስኳርም አለብኝ" ትል ነበር። እኛ ከበሽታችን ሌላ ምን ወሬ አለን?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠቅላላ ሐኪም፦ እንኳን ተረፉልህ። ቀን ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በስልክ አክማለሁ። ስለዚህ ከወገንተኝነት ነፃ ነኝ አልልም። አንድ ነገር ግን ልናገር። የልብ የታችኛው ግድግዳ ያረፈው ደረትን ከሆድ ዕቃ በሚለየው ጡንቻ ላይ ነው። እዚያ ጋ ደም ሲዘጋ ሰውየው ሕመሙን ሆዱ ላይ ሊሰማው ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ስለሚጎዳ ደረቱን ላያመው ይችላል። ይህ በአካል ተቀምጠን እያየንም የሚያመልጠን በሽታ ነው። ያመለጠን ሁሉ ጥፋት ከሆነ ጋወኑን አውልቀን እንሂድ።

የሜክሲኮ ሹፌር፦ ዶክተር፣ ማምለጡን ማን ጠላ? "ስኳር አለብዎት?" ብሎ አለመጠየቅ ግን ምን ይባላል?

ጠቅላላ ሐኪም፦ እሱን አልከራከርም። መጠየቅ ነበረበት።

ልደታ ጥግ፦ ጠበቃ ነኝ። ሹፌሩና ዶክተሩ ሳያውቁት ሕጉ ላይ ተገናኝተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ይጠብቅ ይላል። የሚጠየቀው በሽተኛው ስላልዳነ አይደለም። በሙያው ከታወቀው ነገር አንጻር ግዴታውን በግልጽ አለማወቁን የሚያሳይ ቸልተኝነት ሲፈጽም ነው። ስለዚህ ዶክተር "ሁሉ ነገር ጥፋት አይደለም" ሲሉ ሕጉ ከሳቸው ጋር ነው። ግን ሕጉ የትም ቦታ ላይ "በስልክ ከሆነ ይቅለልለት" አላለም። ሆድ መዳሰስ ካልቻልክ፣ ግፊት መለካት ካልቻልክ፣ የቀረህ መሣሪያ ጥያቄ ነው። እሱንም ካልተጠቀምክ ምን ይዘህ ልትከራከር ነው? "በስልክ አይሆንም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት" ማለትም ሕክምና ነው።

ሹፌሩ ደግሞ ይህን ልብ በል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ቅጣቱን ያከብደዋል። ምሳሌ አድርጎ የጠራው ሐኪምንና ሹፌርን ነው፤ ጎን ለጎን።

የሜክሲኮ ሹፌር፦ አላልኩም? 😂 ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር በሉኝ።

ጎሬዋ፦ እናንተ መሐል ከተማ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። በየአስፋልቱ ዳር ሆስፒታል አለ፤ ታክሲ ጠርታችሁ ትደርሳላችሁ። አባዬ ያለው ጎሬ ነው። ለቆዳ ሐኪም ጅማ ድረስ ይመላለስ ነበር። አሁን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፣ ሐኪሟ ታየዋለች፣ መድኃኒቱን እዚያው ይገዛል። ይህን አገልግሎት በክስ ካስበረገጋችሁት የሚቀረው የእናንተ ሳይሆን የአባዬ ነው። ሐኪሙ ሁሉ "ለማንኛውም ሆስፒታል ይሂዱ" እያለ ስልኩን ይዘጋል።

ጠቅላላ ሐኪም፦ እህቴ፣ ይሄን ስላነሣሽ አመሰግናለሁ። ደግሞ ሌላም አለ። እኔ "ሆስፒታል ይሂዱ" ስል ታካሚው ምን ያደርጋል? አንድ ኮከብ! "ገንዘቤን በላ፣ ምንም አላዘዘልኝም" ብሎ ይጽፋል። ኮከቤ ሲወርድ ደግሞ ሰው አይላክልኝም። የምከፈለው በጥሪ ብዛት ነው። ማሰቢያ ጊዜ ይቆረጥብኛል፣ ማዘዝ ግን ያስመሰግነኛል። ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ሰው አይቼ፣ ደክሞኝ፣ ሁልጊዜ ትክክለኛውን አደርጋለሁ ብዬ አልምልም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ዶክተር፣ እውነቱን ስለነገሩን አከበርኩዎት። ግን ይሄ ሐኪሙን አይደለም የሚያስጠይቀው። አፑን ነው።

ሲስተር፦ እኔም እሱን ልል ነበር። 14 ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ካርድ ያወጣል። ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ እኛ ግፊቱን እንለካለን፤ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ አሁን የሚወስደው፣ ሁሉም ተጠይቆ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ሐኪሙ ቢደክመው፣ ቢረሳው፣ ካርዱ ያስታውሰዋል። ቀይ እስክሪብቶ የምንይዘው ለዚህ ነው። አፑ ላይ ካርዱ የታለ? ስትመዘገብ ስምህንና ስልክህን ጠየቁህ። ስኳር አለባት ወይ ብለው ጠየቁህ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ የጠየቁኝ የምከፍልበትን ባንክ ነው።

ሲስተር፦ ይኸው! የሐኪሙን ጥያቄ የሚያስረሳውም የሚያስታውሰውም አሠራሩ ነው። ያንን የሠራው ሐኪሙ አይደለም።

የሜክሲኮ ሹፌር፦ "አገናኝ ነን" የሚሉት ነገር ለደላላ ነው የሚሠራው። ደላላ ቤቱን አሳይቶኝ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። ሐኪሙን ማን መረጠው? አንተ ነህ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ አይደለሁም። የደረሰኝን ነው ያወራሁት።

ልደታ ጥግ፦ በሕግ ዓይንም ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በሚያሠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል ይላል። ይህ ሲጻፍ አፕ አልነበረም፤ ተቋም ማለት ግንብና አልጋ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ሁለት ነገር ይላል። "ተቋም አይደለሁም" እና "ሐኪሙ ሠራተኛዬ አይደለም"። እኔ ዳኛ ፊት ብቆም በአራት ጥያቄ ነው የምይዘው። ዋጋውን ማን ተመነ? ገንዘቡን ማን ተቀበለ? ሐኪሙን ማን መደበ? ውይይቱን ማን መዝግቦ ያዘ? ለአራቱም መልሱ "ድርጅቱ" ከሆነ፣ "አገናኝ ብቻ" የምትለዋ ቃል ልብስ ናት። ዳኛው ይቀበለኛል ብዬ ግን አልፎክርም።

ጎሬዋ ያነሣሽው ስጋት ልክ ነው። ግን መፍትሔው ተጠያቂነትን መተው ሳይሆን ሸክሙን መሸከም የሚችለው ላይ መጫን ነው። በጥሪ ለሚከፈለው ሐኪም ሳይሆን ለድርጅቱ። ኢንሹራንስ ይግባ።

ጎሬዋ፦ ኢንሹራንሱን ማን ይከፍለዋል? ዋጋው ላይ ጨምረው አባዬን ነው የሚያስከፍሉት።

ልደታ ጥግ፦ ትንሽ ይጨምራል፤ አልክድሽም።

ጎሬዋ፦ እንግዲያው አልተስማማንም።

የሠራተኛ ሰፈር እናት፦ ሐኪሙን ልጅ ግን አታሳስሩት። እናት አለችው እሱም።

ልደታ ጥግ፦ እማማ፣ ማንም ስለ እስር አላወራም። እናቱ ስለተረፉ 543 አይነካውም። የምናወራው ስለ ካሳ ነው። አንተ ልጅ፣ ወደ ነገሩ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለሆነ ኃላፊነት ክስ ለማቅረብ 2 ዓመት ነው የሚሰጠው። የምታስረዳውም አንተ ነህ። "ስልክ ላይ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም" የሚልህን አትስማ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መረጃን ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳይነፈገው አድርጓል። የክፍያ ደረሰኙ አለ? የጥሪው ሰዓት? ማዘዣው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ሁሉም አለ። ማዘዣውን አሁን ከፍቼ እያየሁት ነው። ቀኑ አለ። የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ አለ። የእናቴ ስም ተሳስቷል፤ የእኔን ነው የጻፉት።

ልደታ ጥግ፦ የሐኪሙስ ሙሉ ስምና የሙያ ፈቃድ ቁጥር?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ "ዶ/ር" ይላል። ከዚያ አንድ ስም። የአባት ስም የለም፣ ቁጥርም የለም።

ሲስተር፦ እኛ ጋ ቢሆን ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም መድኃኒት ቤቱ አይሰጥህም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ እታች ያለው ሰጠኝ። ስልኬን አየና ሰጠኝ።

ልደታ ጥግ፦ ነገ ጠዋት ለድርጅቱ ደብዳቤ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ካሳ አይደለም። "ያ ሰውዬ ማነው?" ነው።