ጥቆማ፦ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ማይክሮቺፕ ያስፈልጋታል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ማልቲዝ ውሻችን ብትመዝን ሦስት ኪሎ ናት፤ በሩ ገርበብ ካለ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ቺፕ ላስደርግላት ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? መርፌውስ አይከብዳትም? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጥቆማ፦ ቺፑ ውሻዎ የት እንዳለች አይነግርዎትም። ባትሪም ሆነ ከሳተላይት ጋር ግንኙነት የለውም። የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ በትከሻዎቿ መካከል ከቆዳ ሥር ይገባል፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ያሳያል። በቃ። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ወደ እርስዎ ስልክ የሚያደርሰው ስምዎ የሰፈረበት መዝገብ ነው። በእንግሊዝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቺፕ ግዴታ ስለሆነ መሣሪያውም መዝገቡም አለ። እኛ ሰፈር ውሻ ያገኘ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥበቃውን፣ ቀጥሎ ባለ ሱቁን ነው።

ስለዚህ በር ጥሳ ለምትወጣ ውሻ ቅድሚያ የምሰጠው ለአንገት መለያ ነው። ማኅተምና ዋንጫ የሚሠሩ ሱቆች ስስ ብረት ላይ ይቀርጹልዎታል። በቀለም የታተመው ቶሎ ስለሚለቅ የተቀረጸ ይሁን፤ የሚጻፈውም ሁለት ስልክ ቁጥር ነው፣ ስሟ ባይኖርም ግድ የለም። መለያው የሚንጠለጠልበትን ቀለበት በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ በቀላሉ ከተከፈተ ይቀይሩት፣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በእሱ በኩል ነው። የአንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ለሽርሽር ስትወጣ ገመዱን የደረት ማሰሪያ ላይ ያድርጉት፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ አንገት ላይ መጎተትን አይችልም።

ኤርታግ የተባለውን የአፕል ትንሽ የዕቃ መፈለጊያ እንዲገዙ የሚመክሩዎት ይኖራሉ። እሱ የሚሠራው በአቅራቢያው የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ሲያዩት ነው፤ አብዛኛው ሰው አንድሮይድ በያዘበት ከተማ ብዙ አልተማመንበትም። ሲም ካርድ ያለው የጂፒኤስ መከታተያ ይሻላል፤ ግን ከውጭ ሲያስመጡ አገልግሎቱ ኢትዮጵያን እንደሚያካትት አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ክብደቱንም ይዩ። ለትልቅ ውሻ የተሠራው በእርስዎዋ አንገት ላይ ሸክም ነው።

ታዲያ ቺፑ ዋጋ የለውም? አንድ ቀን አብራችሁ ከአገር የምትወጡ ከሆነ ያለ እሱ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች መጀመሪያ ቺፑ ይገባል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ቀን ይሰጣል። ቀድሞ የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም፤ እንደገና ትከተባለች። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ውሻ ደግሞ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ክትባቱ መሥራቱን ለማየት ደም ይወሰዳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU/ml) ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቪዛ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ሥራ እንዳልሆነ ይህ ብቻ ይበቃል።

መርፌው ከክትባት መርፌ ይወፍራል፤ ግን ያለ ማደንዘዣ በቅጽበት የሚያልቅ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አነስተኛ ቺፕም አለ፣ ካለ እሱን ይምረጡ። ልታስመክኗት ካሰባችሁ በዚያው ተኝታ ሳለች ይደረግላት።

ሐኪም ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ማንበቢያ መሣሪያ እንዳለው ይጠይቁ። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ለፈሪ ውሻ ምቹ ነው፤ መሣሪያውን ይዞ ካልመጣ ግን አላሠራም። ጥሩ ሐኪም ቺፑን ከማስገባቱ በፊትም በኋላም ያነባል፤ ከዚያ የቁጥሩን ተለጣፊ ወረቀት ክትባት ደብተሩ ላይ ለጥፎ ቀኑን ይጽፋል። ቁጥሩ 15 አሃዝ ካልሆነ አይቀበሉ።

ሌላ ጥቆማ፦ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ወደ አሜሪካ ለምታስቡ፦ ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕ ሊኖረውና ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ እዚያ የተከተበ ውሻ የሚገባው ዕውቅና ያለው የእንስሳት ማቆያ ባለባቸው ጥቂት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው፤ በማቆያውም አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። የአውሮፕላን ትኬቱን የምትቆርጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የውጭ ትምህርት ዕድል አመልክቷል፤ ስለዚህ መለያውን ነገ አስቀርጻለሁ፣ ቺፑን ደግሞ ከሚቀጥለው ክትባት በፊት። ደብተሯን ሳየው የክትባት ጊዜዋ ሊደርስ ነው። ቦሌ አካባቢ ማንበቢያ ያለው ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።