ለአባዬ ፕሮስቴት የጥቁር እንጨት ቅርፊት፣ የምታውቁ ካላችሁ?

የዘጌው፦
ሰላም ቤተሰብ። አባዬ 68 ዓመቱ ነው፣ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳል፣ ቆሞ ይጠብቃል ይጠብቃል ከዛ ይንጠባጠባል። ባህር ዳር አምጥቼው አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ፕሮስቴት አድጓል ተባለ፣ ታምሱሎሲን የሚባል ሽንት የሚያቀል ክኒን ታዘዘለት። እሱ ግን ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ከቶ የባህል መድኃኒት አዋቂ የሰጡትን የጥቁር እንጨት ቅርፊት አፍልቶ በሃይላንድ እየቀዳ ይጠጣል፣ ቀይ ነው ልክ እንደ ሻይ፣ ጀልባ ላይ ሁሉ ይዞት ይሳፈራል😀 «ፈረንጆቹ ራሳቸው ከዚህ ዛፍ ነው የሚሠሩት» ይለኛል። እውነት ነው?

ፋርማሲስቷ፦
አባትህ አልተሳሳቱም ባክህ። ፕሩነስ አፍሪካና የሚባለው እሱ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ከቅርፊቱ የሚሠራ መድኃኒት አለ። በፈረንጆቹ 2002 ላይ 18 ጥናቶች ተሰብስበው ታይተው የሌሊቱ መነሳት ወደ 19 ከመቶ ቀንሷል፣ ግን ጥናቶቹ አጫጭር ናቸው። ዋናው ነገር እዛ የተሞከረው በኬሚካል ተጨምቆ መጠኑ የተለካ ነው፣ ይሠራሉ የሚባሉት ነገሮች ደሞ ቅባትነት ስላላቸው በውሃ ሲፈላ ብዙም አይወጡም። ሃይላንዱ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል። ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ተሠርቶላቸዋል? ካንሰርም አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ቀበሌ 14፦
እኔ እህቴ ከአሜሪካ ሶው ፓልሜቶ የሚባል ለፕሮስቴት የሚወሰድ የዕፅዋት ክኒን ልካልኝ ስድስት ወር ዋጥኩ፣ ምንም

ፋርማሲስቷ፦
እሱማ በፈረንጆቹ 2006 ላይ 225 ወንዶች ላይ ተሞክሮ ከባዶ ክኒን አልተሻለም፣ በ2011 መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ ጨምረውም ያው። የሳማ ሥርም የሚሉ አሉ፣ ግን እዛ የሚያጠኑት ሳማና የኛ ሳማ ዝርያቸው ለየቅል ነው።

ጣና ዳር፦
አጎቴም ፍል ብቻ እያለ ከርሞ አንድ ሌሊት ሽንቱ ጭርሱን ዘጋ፣ ሆዱ ከበሮ ሆነ፣ በባጃጅ አጣደፍነው፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባለት ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ለካ ጉንፋን ይዞት ከሱቅ የአፍንጫ መክፈቻ ክኒን ገዝቶ ውጦ ኖሯል

ፋርማሲስቷ፦
አዎ ሱዶኤፌድሪን ያለበት የአፍንጫ መክፈቻ ክኒን ሽንት ይዘጋል፣ አረቄም እንደዛው።

የዘጌው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፒኤስኤ አልተሠራም፣ ሰኞ አመጣዋለሁ። ክኒኑንም እሺ ብሏል፣ ግን «ፍሉን አልተውም» ነው የሚለው፣ ሽማግሌ አይደል

ፋርማሲስቷ፦
ፍሉን እንደሚጠጡ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገር። ክኒኑን ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ከበሉ በኋላ ይዋጡት። መጀመሪያ ሰሞን ሊያዞራቸው ስለሚችል ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ ትንሽ ቁጭ ብለው ይሁን፣ መብራትም አብራላቸው።