ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይወጣም! ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነው (ጠዳ፣ ጎንደር አጠገብ)

የጠዳዋ (ጠያቂ)፦
እናንተየ ድረሱልኝ። ከትናንት ጀምሮ የጉድጓዴ ውሃ መሳቢያ ሞተር ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ቱቦውን አውጥቼ ታች ያለውን ባልቦላ አጥቤዋለሁ። እስካለፈው ሳምንት ደህና ይስብ ነበር። የሽንኩርቱ ቅጠል መጠውለግ ጀምሯል። እኔ የምጠረጥረው ጎረቤቴ ዘንድሮ በማሽን ያስቆፈረውን ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ውሃዬን ወስዶብኛል። ጎበዝ ሞተር ሠሪ የምታውቁ ዛሬውኑ ንገሩኝ። ወይስ ተበድሬ ትልቅ ሞተር ልግዛ?

ባለባልቦላው፦
አየር ይዞ ነው። ሞተሩን አጥፊና ላይ ባለው መክደኛ በኩል እስኪፈስ ድረስ ውሃ ጨምሪበት። ከዚያ አስነሺው።

የጠዳዋ፦
ወንድሜ፣ ውሃ መጨመሩንማ ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ጉርጉር ይልና ያቆማል።

የአራዳ ልጅ፦
እቴ፣ ያንቺስ ሞተር ቢያንስ ይጮኻል። የእኛ የጎንደር አራዳ ቧንቧ ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ፤ ጀሪካኖቹ ከሰልፍ ብዛት ስም ሊወጣላቸው ነው። 😀 አይዞሽ፣ መላ አይጠፋም።

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
እህቴ፣ ሞተር ሠሪ ከመጥራትሽ በፊት አራት ነገር ንገሪን። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ዛሬ ውሃው ከአፉ ምን ያህል ርቋል? ሞተሩ የኤሌክትሪክ ነው የቤንዚን? ሽንኩርቱስ ስንት ወሩ ነው? ድንጋይ ገመድ ላይ እሰሪና ልቀቂው፤ ደረቁን ክፍል ለኪው።

ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ሞተር ውሃን አይጎትትም። ከቱቦው ውስጥ አየሩን ያወጣል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ግፊት 10 ሜትር ከምናምን ያነሳል። ጎንደር ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ 8 ሜትር አካባቢ ብቻ ይቀራል። ጠዳ ትንሽ ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ቱቦው፣ ጎሚቶው (የቱቦው ማጠፊያ) እና ባልቦላው የሚበሉትን ስትቀንሺ 6 ሜትር ከሳበ ጎበዝ ሞተር ነው። ትልቅ ሞተር ብትገዢም ይህ ቁጥር አይለወጥም። ስለዚህ እባክሽ፣ ሳትለኪ ብር አትበደሪ።

ባለባልቦላው፦
እኔ ግን አሁንም አየር ነው እላለሁ። ጉርጉር ማለቱ የአየር ምልክት ነው። ውሃ ጨምሪበትና ቶሎ ክደኚው።

ጋሽ የቀሃው፦
ልጆቼ፣ ጎረቤቷን አትውቀሱ። ዘመኑ ነው የከፋው። ቀሃ በበጋ ልብስ የምናጥብበት ወንዝ ነበር። ዛሬ በሚያዝያ ወርደህ እየው። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚያው ከቀሃ ነው። ያኔ ውሃው ከልካይ አልነበረውም። አሁን ሁሉም ሞተር ገዛ፣ ሁሉም ባሕር ዛፍ ተከለ።

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
ጋሼ፣ ያሉት እውነት አለው። ግን ዘመን ስንል የሚለካ ነገር አለበት። ትንሽ ልዘርዝር፣ ታገሡኝ።

ቀሃ ከምዕራብ፣ አንገረብ ከምሥራቅ ከተማዋን አቅፈው ይወርዳሉ። ሁለቱም መጨረሻቸው መገጭ ነው፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። የእህታችን ጉድጓድ፣ የአራዳው ልጅ ቧንቧና የደምቢያ ገበሬ መስኖ አንድ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ያበቃል። በዓመት ሲደመር ትንሽ አይደለም፤ ወደ ሚያዝያ የሚያሻግረው ማጠራቀሚያ ነው የጠፋው።

አንገረብ ግድብ ለዚህ ነበር የተሠራው። ከላዩ ያለው መሬት ገደላማና የታረሰ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር ይዞ ይገባል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም። ግድቡ ቆሞ ይታያል፣ ሆዱ ግን በየዓመቱ ይጠባል።

ፍላጎቱን ደግሞ እናስላ። በ1999ኙ ቆጠራ ጎንደር 207,000 ሰው ገደማ ነበራት። ለእንዲህ ያለ ከተማ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ያኔ ለነበረው ሰው ብቻ በቀን 16,500 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። ከተማ በዓመት 4 ከመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን እናንተው ጨርሱት።

የአራዳ ልጅ፦
መምህር፣ ሴትየዋ ሽንኩርት እየደረቀባት ነው፤ አንተ 18 ዓመት ወደፊት ሄድክ እኮ!

ደምቢያ ቆላድባ፦
ይናገር ተወው፣ የሚለው ይመለከተናል። የመገጭ ግድብ ሲታቀድ 17,000 ሄክታር መስኖ ተብሎ ነው፤ ለጎንደርም መጠጥ ውሃ። ሥራው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ታች ያለነው የምንፈራው አንድ ነገር ነው። ሲያልቅ በሚያዝያ ውሃው ለማን ነው የሚለቀቀው? ለከተማው ቧንቧ ወይስ ለእኛ ማሳ?

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
ሕጉ መልስ አለው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ይላል። ስለዚህ በክፉ ዓመት መጀመሪያ የሚቀነሰው መስኖ ነው። ይህን አሁኑኑ ተነጋግሮ መወሰን እንጂ ግድቡ ሲሞላ መጣላት አያዋጣም።

የሁለቱን ሚዛን እየው። ሽንኩርት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ሩብ ሄክታር ማለት በቀን 12,500 ሊትር ነው። በ80 ሊትር ሂሳብ ከ150 በላይ ሰው ያጠጣል። ይህን የምለው ገበሬው ጥፋተኛ ነው ለማለት አይደለም። ሽንኩርቱን የምንበላው እኛው የከተማዎቹ ነን። ግን ዕቅድ ሲወጣ የመጠጡ ሂሳብ አንድ ቢሮ፣ የመስኖው ሌላ ቢሮ ከተሠራ አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ እናከፋፍለዋለን።

ጋሽ የቀሃው፦
ጣና አለ እኮ ልጄ። ያ ሁሉ ውሃ ተኝቶ እኛ እንጠማለን?

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
ጋሼ፣ ጣና 1,786 ሜትር ላይ ነው ያለው። ወደ ጎንደር ለማውጣት ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ መግፋት ነው፤ ይቻላል፣ መብራቱ ግን ብር ይበላል። ሐይቁም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። ከ1988 ጀምሮ መውጫው ላይ የጨረጨራ ግድብ አለ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ከእሱ ይቀዳል። በ1995 ሐይቁ ወርዶ ጀልባዎች ቆመው ነበር።

የጠዳዋ፦
መጣሁ። ለካሁት። ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ ነው፣ 12 ሜትር። ገመዱ 9 ሜትሩ ድረስ ደረቅ ነው። ሞተሩ የቤንዚን ነው፣ ላይ አፉ ጋ ነው የተቀመጠው። ሽንኩርቱ ከተተከለ ሁለት ወር አልፎታል፣ ገና ኳስ መያዝ (ታች ራሱ መወፈር) ጀምሯል። ባለቤቴ ሞተሩን በገመድ አስረን ወደ ጉድጓዱ እናውርደው ይላል። ይሆናል?

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
አይሆንም! እህቴ፣ በእግዚአብሔር ስም እንዳታደርጉት። የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲነሳ ጭሱ እዚያው ይታቆራል። ሽታም ላይኖረው ይችላል። የወረደው ሰው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይወድቃል። ለባለቤትሽ አሁኑኑ ንገሪው።

ሞተርሽ ደህና ነው። 9 ሜትር ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው። የሚያስፈልግሽ ውሃው ውስጥ የሚሰጥም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። እሱ ከታች ይገፋል እንጂ አይስብም። መጀመሪያ በተውሶ ወይም በኪራይ ሞክሪው። የቀረሽ ውሃ 3 ሜትር ስለሆነ አንዴ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ጥቂት ሳቢ፣ አቁሚ፣ እስኪሞላ ጠብቂ። ጎኑን ግንብ ያልያዘ ጉድጓድ ከሆነ ጨርሶ ማድረቅም ይንደዋል።

ደምቢያ ቆላድባ፦
ኳስ መያዝ ከጀመረ የውሃ እጥረት የሚጎዳው አሁን ነው፣ ዛሬ ማታ ምንም ይሁን ምን አጠጪው። ቦቴ ከጎረቤት ጋር ተካፍለሽ አስመጪ። ቀን አታጠጪ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከዚያ በቦዩ መሐል የጤፍ ገለባ ጎዝጉዢበት። አንድ ቦይ ዛሬ፣ ቀጣዩን ነገ እያልሽ አፈራርቂ። ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር ግን ውሃውን አቁሚ፤ ያኔ ብታጠጪው ይበሰብስብሻል።

የጠዳዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ባሌን አስቁሜዋለሁ። የጎረቤቴ ነገርስ? አሁንም እሱ ነው እላለሁ።

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሚያዝያ ላይ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ መውረዱ ያለ ነው። የእኛ ከርሰ ምድር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውሃው በስንጥቅ ስንጥቁ ይሄዳል። አንዱ ጉድጓድ ከሌላው ጋር ይገናኛል፣ አጠገቡ ያለው ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ ለምነሽም ቢሆን አንድ ሌሊት ሞተሩን እንዲያቆምልሽ ጠይቂው። አንቺም አትሳቢ። ማታና ንጋት ላይ ለኪ። በሌላ ሌሊት ደግሞ እሱ እየሳበ ለኪ። ልዩነቱ ከታየሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዥ። በዚያው አዋጅ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፣ የአንቺ ሕጋዊ ነው። በማሽን ለተቆፈረው ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረዳ ብትሄጂ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ።

በየወሩም ለኪ እባክሽ። ጠዳ ላይ ሃያ ሰው እንዲህ ቢለካ ለተፋሰሱ ዕቅድ ከማንኛችንም ክርክር ይበልጣል።

ጋሽ የቀሃው፦
ልጄ፣ ጎረቤትሽ ጋ ስትሄጂ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። ቡና አፍልተሽ ብትጠሪው ደግሞ ይሻላል። ውሃ ያጣላቸው ዘመድ እንኳ አይታረቅም።

የአራዳ ልጅ፦
የጠዳዋ፣ ምን ደረስሽ? ማታ አጠጣሽው?

ማክሰኝት፦
እህታችን ዝም አለች። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ገመዱ ግን 5 ሜትር ላይ ረጥቧል። ሞተሬም አይስብም። የእኔስ ምንድን ነው?

ውሃ ነክ (ማራኪ)፦
5 ሜትር ከሆነ ያንተ ርቀት አይደለም፣ ቱቦው አየር ያስገባል። ሞተሩን አስነሳና በየመገናኛው ውሃ አፍስስበት፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቱቦህ ፕላስቲክ ነው ብረት?