ለጣርማበር ነፋስ የሚሆን የጀማሪ ድሮን የቱ ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የገብስ አዝመራውንና የጣርማበርን ገደል ከላይ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ዲጄአይ ሚኒ 4ኬ ልግዛ ወይስ ሚኒ 3? መወሰን አቃተኝ። ሁለቱም ከ250 ግራም በታች ናቸው። ሚኒ 3 ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ተለቅ ይላል፤ ባትሪውም 38 ደቂቃ ይባልለታል፣ የሌላው 31 ነው። ዋጋው ግን ከበደኝ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ነፋሱ ነው። ባለፈው የጓደኛዬን ትንሽ ድሮን ጣርማበር ላይ ሳስነሳ ነፋሱ ወደ ገደሉ ገፋው። ወደ እኔ ልመልሰው ስታገል ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመጣም። እጄ ላይ እስኪያርፍ ላብ አጠመቀኝ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩም ስስ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያበረራችሁ፣ የትኛው ይችለዋል? የድሮን ማብረሪያ ፈቃዱንስ ከመግዛቴ በፊት ልጨርስ?