80ው ዶላር የማን ነበር?

ጆይስቲክ፦ ትናንት አንድ ሰው «የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኔንቴንዶ በእጅ የሚያዘውን የጌም መጫወቻውን 3ዲኤስን ከ249.99 ወደ 169.99 ዶላር ሲያወርድ ምንም አልሆነም፤ 80ው ዶላር ድሮም ንጹህ ትርፍ ነበር» ብሎ ጽፎ ስንቱ አጨበጨበለት! አላስችል አለኝ። ምንም አልሆነም? እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 በዘጋው የበጀት ዓመት እኮ ከ43 ቢሊዮን የን በላይ ከሰረ።

የቀበናው፦ እኔ ነኝ ያልኩት፤ አሁንም እላለሁ። መጋቢት 2011 አሜሪካ ገበያ የገባ ዕቃ ነሐሴ ላይ ሲሶ የሚጠጋ ዋጋው ተቆረጠ። በአምስት ወር ማምረቻው ይህን ያህል ረከሰ?

ጆይስቲክ፦ አልረከሰም! ከቅናሹ በኋላ ከወጪ በታች ይሸጡት ነበር። የያኔው የኔንቴንዶ ፕሬዚዳንት ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቆረጠ። ንጹህ ትርፍ የሚያፍስ ሰው ደመወዙን ይቆርጣል?

የቀበናው፦ ደመወዙን ተወው። ኪሳራውንም ሁሉ በቅናሹ ላይ አትጫን፤ ያኔ የን ጠንክሮ 1 ዶላር 76 የን ገደማ ወርዶ ነበር። በዶላር የሸጡት ሁሉ ወደ የን ሲመነዘር ይሟሽሻል።

ሚጢጢ፦ ሁለታችሁም ዕቃውን ብቻ ነው የምታዩት። ሶኒ ተፎካካሪውን የእጅ መጫወቻ ቪታን በዚያው በ249.99 አወጣና ለ32 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ 99.99 ዶላር ጠየቀ፤ ሌላ ካርድ ደግሞ አይገባለትም። ትርፉ ያለው እዚያ ነው። 3ዲኤስ ግን ከየትም የተገዛ ተራ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል።

ጆይስቲክ፦ እግዜር ይስጥሽ! ቀድመው ለገዙትም 20 የድሮ ጌም በነፃ ሰጥተዋል።

የቀበናው፦ የድሮ ጌም ማደል ምን ያስወጣቸዋል? ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣውን መጫወቻ ስዊች 2ን ንገረኝ እስቲ። ሲወጣ ጃፓን ውስጥ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራው 49,980 የን፣ ሌላ ቋንቋ ያለው 69,980 ነበር። ያው ዕቃ ነው። 20,000ው የምንድን ነው?

ጆይስቲክ፦ የን ወድቆ የለም እንዴ? ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ ውጭ እንዳይቸበችበው ይመስለኛል። ለአገራቸው ልጅ ቀነሱለት፤ ነውሩ ምን ላይ ነው?

የቀበናው፦ «ቀነሱለት» አልክ። የሚቀነስ ነገር ነበራ!

ጆይስቲክ፦ ትርፍ የለም መች ወጣኝ? «ንጹህ» ያልከውን ነው የምቃወመው። የ3ዲኤሱን 80 ዶላር «ንጹህ» ያልከው በምን ሂሳብ ነው? ወጪውን አስቀምጥ።

የቀበናው፦ አንተስ «ከወጪ በታች» ስትል ወጪውን መች አስቀመጥክ?

ጆይስቲክ፦ ኢዋታ ራሱ ተናግሯል!

የቀበናው፦ ሻጩን ምስክር ትጠራለህ?

ሚጢጢ፦ የሜሞሪ ካርዱን ነገር አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።